መሠረቱን ለዳባቷ ነጋዴ ያካፈልንበት ዓመት

ደባርቅ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ስመደብ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ሩቅ አይደሉም፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር የገባሁ ያህል ሆነብኝ። የምኖረው ከአንዲት የግብርና ቢሮ ታይፒስት ጋር በደባልነት በተከራየነው የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነበር። ክፍሉ አንድ መስኮት ነበረው፤ እሱንም ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ነፋሱን ሲሸሽ በምስማር መትቶ ዘግቶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በቀትር ኩራዝ እያበራን ኖርን። የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ሥራ ማኅበር ሊያቋቁሙ ነው ሲባል ስሰማ የታይፒስቷን እጅ ይዤ ለመመዝገብ ሮጥሁ።

ስምንት ሰዎች ሆንን። ሁላችንም ደመወዝተኞች፣ ሁላችንም በስማችን ቤት የሌለን ነን። ሊቀ መንበር አድርገን የመረጥናቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር የማያምኑ ሰው። ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ጫፍ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ቦታ መራን። በመንገዱ ዳር የሚሠራ ቤት ፎቅ መሆን አለበት የሚል መመሪያ ስለነበር ጎንደር ያሉት መሐንዲሶች ስምንታችንንም በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከተቱን። አራት መኖሪያ ከታች፣ አራት ከላይ፣ ከኋላ ደግሞ አንድ የጋራ ማድ ቤት። ፕላኑ ጸድቆ፣ ማኅተም አርፎበት የመጣ ዕለት መምህሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ አጋጥመው ዘረጉት። እኛም ዙሪያውን ቆመን ክፍሎቻችንን በጣታችን እየነካን ፈለግን። ከመካከላችን ፎቅ ቤት ውስጥ ኖሮ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

ግንበኛችን ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲሠሩና ሲያድሱ የኖሩ ናቸው። ሲናገሩ ጆሮን ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ ድንጋይ ሲመርጡ ደግሞ አንዱን ሦስት ጊዜ ሳያገላብጡት አያስቀምጡትም። በሁለት በጋ መሠረቱን ጨረሱልን። ከሥራ በኋላ እኛም ድንጋይ እያቀበልንና ኖራ እያቦካን ረዳናቸው። እጄ ተላልጦ በማግሥቱ መርፌ ስወጋ ሕመምተኞቹ እጄን አይተው ለእኔ ያዝኑልኝ ነበር።

ከዚያ የዝውውር ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። የቴሌፎኗ ልጅ መተማ ተመደበች። ባልና ሚስት የሆኑት መምህራን ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። አንዱ የትምህርት ዕድል አገኘ፤ አንዱ ደግሞ አባቱ አርጅተውበት ወደ አገሩ ተመለሰ። መምህሩ፣ ታይፒስቷና እኔ ቀረን። ሦስት ሰው የስምንት ሰው ሕንፃ ማቆም አይችልም። ክረምቱ እንደወጣ ማዘጋጃ ቤቱ ጻፈልን፤ በመጪው በጋ ግድግዳው ካልቆመ ቦታው ተመላሽ እንደሚሆን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ነበር። መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበቡልን። ሁለተኛውን ሲጨርሱ አጥፈው ዶሴያቸው ውስጥ ከተቱት።

መሬት የመንግሥት ስለሆነ አይሸጥም። ይሁንና የሄዱት አባላት በጽሑፍ ከፈቀዱ በእነሱ እግር ቤት የሌላቸው አዲስ አባላት ማስገባት ይቻላል፤ አዲሶቹም ለመሠረቱ የወጣውን ለሄዱት ይመልሳሉ። መምህሩ ይህን "መተካት" ይሉታል። ሽያጭ የሚል ሰው ፊታቸው ከተናገረ ያርሙታል። ከተማው ግን ሽያጭ አለው። ቁስላቸውን የማጥብላቸው ሰዎች ሳይቀሩ "መሬት ትሸጫለሽ አሉ" እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

መጀመሪያ የመጡት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሊዛወሩ የነበሩ ባልና ሚስት ናቸው። ሰውዬው ከመኪና ወርዶ ገና ሰላምታ ሳይሰጥ ነፋሱ ባርኔጣውን ወሰደበት፤ እስከ መንገዱ ማዶ ተከትሎት ሮጠ። ሚስቱ ከመኪናው አልወረደችም። በመስኮት ብቅ ብላ ነፋሱ ሁልጊዜ እንደዚህ መሆኑን ጠየቀች። መምህሩ መዋሸት ስለማይሆንላቸው ከጥቅምት እስከ የካቲት ብቻ ነው አሏት። ሁለቱም አመስግነው ሄዱ።

ቀጥሎ አንድ የእንጨት ነጋዴ መጣ። እሱ ነፋሱን አልፈራም። አምስቱንም ቦታ ለራሱ ይፈልግ ነበር፤ በሌላ ሰው ስም አስመዝግቦ ምድር ቤቱን መጋዘን ሊያደርገው ነው ያሰበው። ለእያንዳንዳችንም እጅ መንሻ እንደሚያስብ ጠቆም አደረገ። እውነቱን ለመናገር ታይፒስቷና እኔ ያን ዕለት ማታ ስለሱ ረጅም ሰዓት አወራን። በነጋታው መምህሩ ሐሳባችንን ሳይጠይቁን ለሰውዬው መልሱን ሰጡት። "ወረቀቱ ላይ አምስት ሰው፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው፤ ይህን እኔ አልፈርምም" አሉት። ስንሰማ ሁለታችንም እፎይ አልን።

በዚያው ወር አንድ የፓርክ ዘበኛ ተመዘገበልን። ሥራው ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር በሚባል ቦታ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን ለትምህርት ሲሉ ደባርቅ በዘመድ ቤት ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ቦታውን ሊያይ ሲመጣ ነፋሱን ልብ ያለው አልመሰለኝም። አራት ቦታ ቀረን። ታይፒስቷ ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያለችኝ። "አንቺ የዳባት ልጅ ነሽ፤ ነጋዴዎቹን ታውቂያለሽ፤ ለምን ሄደሽ አትጠይቂም?"

ወዲያው ትዝ ያለችኝ እናቴ ጨውና አቡጀዲ ትገዛት የነበረች አንዲት የሙስሊም ነጋዴ ናት። የትምህርት ቤት ልብሴ የተሰፋው ከእሷ በተገዛ ጨርቅ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ዳባት ውስጥ አራት ቤቶች ሠርቶ ነበር። የትርፍ ቤት አዋጅ ሲመጣ ሦስቱ ተወረሱ። የቀረውን አንዱን ደግሞ እሱ ሲሞት የመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች ተካፈሉት። እሷም ከተወረሱት ቤቶች አንዱን ከቀበሌ ተከራይታ ገባች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዳባት ወረድሁ። ሱቋን ለረዳቷ ትታ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ምሳ አበላችኝ፤ የእናቴን ጤና ደጋግማ ጠየቀችኝ። እርስዎ እያልሁ ነበር የማነጋግራት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነው የለመድሁት። ከምሳ በኋላ የፕላኑን ቅጂ ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። ማንበብ አትችልም። ነገር ግን በሩን፣ ደረጃውን፣ መስኮቱን አንድ ጊዜ ካሳየኋት በኋላ የቀረውን ራሷ እየነገረችኝ ሄደች። መምህሩ እንኳ ያላዩትን፣ የላይኛው በር ሲከፈት ከደረጃው የሚወጣውን ሰው እንደሚመታ፣ ያኔ አየችው።

ከዚያ ወረቀቱን በቀስታ ጠቅልላ መለሰችልኝና ግድግዳውን በእጇ ነካ አደረገችው።

"ይህን ቤት ባለቤቴ ሲሠራው ጭቃውን የረገጥሁት እኔ ነኝ" አለች። "ዛሬ ወር በገባ ቁጥር ኪራዩን ይዤ ቀበሌ እሰለፋለሁ። አሁን አንቺ መጥተሽ ሌላ ሥሪ ትይኛለሽ። ያንንስ ቢወስዱብኝ?"

መምህሩ ለዚህ ጥያቄ አዘጋጅተውኝ ነበር። የአዋጁን አንቀጽ፣ ማኅበር ከግለሰብ እንዴት እንደሚለይ፣ አንድ ሰው አንድ ቤት ሊኖረው እንደሚፈቀድለት በቃሌ አስጠንተውኛል። የተቀመጥሁት ግን ጭቃውን ራሷ በረገጠችው፣ አሁን ኪራይ በምትከፍልበት ክፍል ውስጥ ነው።

"አላውቅም፣ እትዬ" አልኋት። "አይወስዱትም ብዬ ልምልልዎት አልችልም።"

"እንኳን አልማልሽ" አለችና ሻይ ደገመችልኝ። ስወጣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ደባርቅ ሱቅ ያለው ወንድም ነበራት፤ እሱም ተከራይ ነው። ከእሱ ጋር ሆና ሐሙስ እንደምትመጣ፣ ወረቀቱን አይታ እንደጨረሰችና አሁን ድንጋዩን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

ሐሙስ መምህሩ ክራባት አስረው፣ ዶሴያቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ግንበኛውም መጥተው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአንድ ጥግ ተቀመጡ። ነጋዴዋ ከወንድሟና በቅርቡ ካገባው ልጇ ጋር ከመኪና ወረደች። ዶሴውን አላየችውም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሠረቱ ላይ ወጣችና ዙሪያውን በእርምጃ ለካችው። እያንዳንዱ ክፍል መካከል እየቆመች አልጋው ወዴት እንደሚሆን፣ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ጠየቀችኝ። ሁሉን ካየች በኋላ በሰሜን በኩል ያለው ጥግ ተቆፍሮ የመሠረቱን ሥር ማየት እንደምትፈልግ ተናገረች።

ሁላችንም ወደ ግንበኛው ዞርን። ከተቀመጡበት ቀስ ብለው ተነሡ።

"እመቤቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስገነባ ሥራዬን ቆፍሮ ያየ ሰው የለም" አሏት።

"ጠርጥሬዎት አይደለም፣ አባባ" አለች። "ባለቤቴ ከሠራቸው ቤቶች አንዱን ከላይ ከላዩ አይቼ ገባሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ። ይህን ከሥሩ ልየው።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። አብሯቸው የመጣው ቀን ሠራተኛ ዶማውን አንሥቶ ሊጀምር ሲል ተቀበሉትና ራሳቸው ይቆፍሩ ጀመር። አፈሩ ጥቁርና ከባድ ነው። ሲቆፍሩ እያየሁ አንድ ነገር ውስጤን ይበላኝ ጀመር። በነሐሴ ያ ጥግ ውኃ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ከጤና ጣቢያ ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ጫማዬ ይጠልቅ ነበር። መምህሩም ያውቃሉ። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም፤ ማንም አልጠየቀንማ።

"እትዬ፣ በነሐሴ እዚህ ጋ ውኃ ይመነጫል" አልኋት።

መምህሩ ዶሴያቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርሁም። ከጉድጓዱ ውስጥ ግን የግንበኛው ድምፅ መጣ፤ ሲናገሩ ጮክ ብለው የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ለዚያ አይደል እዚህ ላይ መቆፈሩን ያላቆምሁት?"

ቀርበን አየን። ፕላኑ ከሚለው ጥልቀት አልፈው እስከ ዐለቱ ድረስ ወርደዋል። ከዐለቱ በላይ ትልልቅ ድንጋዮችን ክፍተት እየተዉ ደርድረው፣ ውኃው በመሠረቱ ሥር አልፎ ከመንገዱ በታች ወዳለው ሸለቆ እንዲወርድ መውረጃ ሠርተውለታል። እኛ ጭቃ ውስጥ የምንረግጠው ከላይ የሚቀረውን ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። ፕላን የሚያነቡ ሰዎች ስለሆንን እናውቀዋለን ብለው ገምተው ኖሯል።

መምህሩ ተደናግጠው ፕላኑን ከዶሴው አወጡ። "ይህ እኮ ፕላኑ ላይ የለም" አሉ።

"ውኃው ግን አለ" አሉ ሽማግሌው።

ነጋዴዋ ሳቀች። ወንድሟም ሳቀ፤ መጨረሻ ላይ መምህሩ ራሳቸው ሳቁ። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አፈሩን ከአንዱ ድንጋይ ላይ በመዳፏ ጠረገችና ግንበኛውን እጃቸውን ይዛ አወጣቻቸው። አራቱን ቦታ እንደሚወስዱ የነገረችን እዚያው ቆማ ነው። አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለልጇ፣ አንዱ ለወንድሟ፣ አንዱ ለወንድሟ አማች ለልብስ ሰፊው። አራቱም ቤት የሌላቸው፣ አራቱም በየራሳቸው ስም የሚመዘገቡና የሚገቡ ናቸው። መምህሩ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገሟት።

የቀረው የማድ ቤቱ ጉዳይ ነበር። እሱንም ራሷ አነሣችው። ሥጋችን የተለያየ ነው፤ ጾማችንም የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ማድ ቤቱ ሁለት ሆኖ ግቢው፣ ውኃውና ደረጃው የጋራ ይሁን አለች። ማንም ቅር አላለውም፤ እኛም ልባችን ያሰበውን ነው የተናገረችው። ነገር ግን የጸደቀ ፕላን ላይ አንዲት መስመር ለመጨመር እንደገና ጎንደር ሄዶ ማኅተም ማስመታት ያስፈልጋል። የዓመት ዕረፍት ፈቃዴን ያልወሰድሁት እኔ ብቻ ስለነበርሁ ፕላኑን በላስቲክ ጠቅልዬ ሄድሁ።

መሐንዲሱ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ ቆሎ በወረቀት አስቀምጦ እየቆረጠመ ነበር። የፕላን ለውጥ በኮሚቴ እንደሚታይና ኮሚቴው የሚሰበሰበው ገና ከሁለት ወር በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ሁለት ወር ማለት በጋው አጋመሰ ማለት ነው። ልለምነው አስቤ መንገዱን ሙሉ ቃላት ስደረድር ነበር። ከመለመን ይልቅ ስለ ሽማግሌው ነገርሁት፤ ጉድጓዱን፣ ዐለቱን፣ የመውረጃውን ድንጋይ፣ መምህሩ ምን እንዳሉና ምን እንደተመለሰላቸው። ቆሎውን መቆርጠም አቆመ።

ያንን ቦታ የለካው እሱ ኖሯል። በበጋ ስለመጣ ደረቅ ሆኖ አገኘው፤ በኋላ ግን የዚያ ጥግ ሣር ከሌላው ቦታ ይልቅ አረንጓዴ እንደነበር ትዝ እያለው ሲጨነቅ ከርሟል። መውረጃው በየት እንደሚያልፍ በእርሳስ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሣልሁለት። እሱም በቀይ እርሳስ አስተካክሎ አሰመረው፤ በዚያው ማድ ቤቱን በግድግዳ ለሁለት ከፈለው። የላይኛውን በር ነገር ስነግረው ደግሞ ወደ ውስጥ እንዲከፈት አደረገው። የመውረጃ እርማት ለደኅንነት የሚደረግ ስለሆነ ኮሚቴ አያስፈልገውም ብሎ ወረቀቱን ይዞ ወደ አለቃው ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ስጠብቅ የሕንፃውን ደረጃ ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ወረድሁ። በባልዲ ውኃ ይዞ መውጣት ምን እንደሚመስል ማወቅ ፈልጌ ነው። ከምሳ በኋላ ማኅተሙን መትቶ ሰጠኝ፤ ሽማግሌውንም ሰላም በይልኝ አለኝ። ፒያሳ ወርጄ ሻይ በኬክ አዘዝሁ። ፕላኑን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ፈርቼ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የበላሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኬክ በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

የሄዱት አባላት ፈቃዳቸውን በደብዳቤ ላኩ። የቴሌፎኗ ልጅ ከመተማ ከፊርማዋ በታች አንድ መስመር ጨምራ ነበር፤ እሷ በልቧ የመረጠችው ክፍል መንገዱን የሚያይ እንደነበርና የሚገባበት ሰው መስኮቱን እንዳይዘጋው እንድንነግርላት። በመተካካቱ ጉባኤ ላይ መምህሩ ይህንንም እንደ ሌላው ሁሉ ቃል በቃል አንብበው በቃለ ጉባኤ አስያዙት። አዲሶቹ አባላት ፈረሙ፤ ነጋዴዋ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች። የጣቷን አሻራ ረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና ቀለሙን ሳትጠርግ ወጣች።

ግድግዳው ኅዳር ውስጥ ተጀመረ። በዚያ በጋ መሐል ክፍሎቹን ስለምንከፋፈልበት ዕጣ ወሬ ተነሣ። ስምንታችንም ምድር ቤቱን እንፈልግ ነበር፤ ውኃ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትን ማን ይወዳል? አንድ ቀን ነጋዴዋ እግር ከራሷ በላይ ሲረግጥ መስማት ስለማትፈልግ ከላይ መሆን እንደምትመርጥ ተናገረች። ይህን ያህል ዘመን ነግዳ የኖረች ሴት የመረጠችው ነገር አንድ ጥቅም ቢኖረው ነው ተባለና በሁለት ሳምንት ውስጥ ስምንቱም ሰው ፎቁን ፈላጊ ሆነ። ዕጣው ሲወጣ ከላይ ደረሰኝ፤ ከእሷ ጎን። የፓርኩ ዘበኛ ምድር ቤት ደርሶት ሳንቃ በር እስኪመለስ ድረስ አኮረፈ። መምህሩም ከታች ደረሳቸው፤ እሳቸው ግን ለመጻሕፍታቸው ክብደት ይሻላል ብለው ተጽናኑ።

ቆርቆሮው የተመታው ዝናቡ ሊጥል ጥቂት ሲቀረው ነው። ስምንታችንም በአንድ ቅዳሜ ገባን። አህያው፣ ጋሪው፣ የተጠቀለለው ምንጣፍ፣ የመምህሩ መጻሕፍት፣ የልብስ ሰፊው ሲንጀር ሁሉ ግቢው ውስጥ ተደበላለቀ። የእኔ አልጋ የባሕር ዛፍ ነው፤ ዳባት ሳለሁ አጎቴ የሠራልኝ። ሁለት ተሸካሚዎች አንሥተው ደረጃውን እስከ መታጠፊያው አወጡት፤ መታጠፊያው ላይ ተሰነቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አለ። ከአልጋው በላይ ያሉት መውረድ፣ ከታች ያሉት መውጣት አቃታቸው። ከላይ የቀረችው ነጋዴዋ በደረጃው ራስ ላይ ቁጭ ብላ ለተሸካሚዎቹ በየት በኩል እንደሚያጋድሉት ትነግራቸው ነበር፤ በየትም በኩል አልሆነም።

በመጨረሻ ግንበኛው መጡ። አልጋውን አላዩትም፤ መስኮቴን ነው ያዩት። ገመድ አስመጥተው፣ ሁለት ሰው ክፍሌ ውስጥ አቁመው፣ አልጋውን በስንት ግፊት ወደ ግቢው አስመልሰው በመስኮት አስጎተቱት። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ መንገዱ ላይ ቆሞ አንጋጥጦ አየ። አልጋው በአየር ላይ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ በመስኮቱ ገባ። ከመንገዱ ላይ ሴቶች እልል አሉልኝ።

ሰዎቹ ሲወርዱ ብቻዬን ቀረሁ። አልጋው ላይ ፍራሽ እንኳ ሳላነጥፍ ተቀመጥሁ። በሬ ተንኳኳና ነጋዴዋ ትኩስ አምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ ገባች። ከጎኔ ተቀመጠች። መስኮቱ ገና ክፍት ስለነበር ከሩቅ የስሜን ተራሮች ላይ ጉም ሲወርድ ይታይ ነበር። አምባሻውን ለሁለት ቆርሳ ሰጠችኝና ነፋሱ ቀዝቅዞ መስኮቱን እስክዘጋው ድረስ እየበላን ተቀመጥን።